ድመታችን ስኳር ተገኘበት፤ ቤት ውስጥ እንዴት ነው የምለካለት?

የዳመና_እናት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዳመና የሚባል ግራጫ ድመት አለን። 11 ዓመቱ ነው፣ የተኮላሸ፣ ከቤት የማይወጣ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ውሃ አልጠግብ አለ። አሸዋውን ሳጸዳ የሽንቱ ጓል ቡጢ የሚያህል ሆኖ አገኘዋለሁ። ምግቡን ሙልጭ አድርጎ ይበላል፤ እየበላ ግን ጀርባው አጥንት በአጥንት ሆነ። ሐኪም ዘንድ ስንወስደው ስኳሩ 412 ነው አሉን። ሽንቱ ውስጥም ስኳር አለ። ግላርጂን ኢንሱሊን ታዘዘለት፤ በየ12 ሰዓቱ 1 ዩኒት።

መርፌውን ለመድኩት። እየበላ ሳለ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጌ እወጋዋለሁ፣ ዞር ብሎም አያየኝ። የጨነቀኝ ልኬቱ ነው። ክሊኒክ ሲገባ አውሬ ይሆናል፤ ደም የሚወስዱት በፎጣ ጠቅልለው ይዘውት ነው። ቀኑን ሙሉ እዚያ ውሎ በየሁለት ሰዓቱ ይለካ ሲሉኝ አንጀቴ አልችል አለ።

እናቴ ከኛ ጋር ናት። እሷም ስኳር ስላለባት መለኪያ ቤት ውስጥ አለ። የሷን ማሽን ለሱ መጠቀም ይቻላል? የቱ ጋ ነው የሚወጋው? ስንት ሲሆን ነው መደንገጥ ያለብኝ? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የማንጎ_ባለቤት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

አይዞሽ እህቴ። ቤት ውስጥ መለካት መፈለግሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ድመቴን ማንጎን ለዓመታት የለካሁት እኔው ነኝ፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

የሚወጋው ጆሮው ነው። ጆሮውን ወደ መብራት አድርገሽ ብታይው ጠርዙን ይዞ የሚሄድ ቀጭን ደም ስር ይታይሻል። ደም ስሩን ራሱን አትውጊ። የምትፈልጊው በደም ስሩና በጆሮው ጠርዝ መሃል ያለችውን ጠባብ ቦታ ነው። እዚያ ብዙም አያማቸውም።

ጆሮው ከቀዘቀዘ ደም አይሰጥሽም። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ንጹሕ ካልሲ ውስጥ ጥሬ ሩዝ ጨምረሽ ቋጥሪው። ማይክሮዌቭ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ አሙቂውና በራስሽ ጉንጭ ሞክሪው። ካላቃጠለሽ ጆሮው ላይ ያዢለት፣ ሞቅ እስኪል ድረስ። ከዚያ ከጆሮው ጀርባ የታጠፈ ሶፍት አድርጊ፤ ጣትሽንም ያድናል፣ ጆሮውም የሚደገፍበት ያገኛል። የምትወጊበት ቦታ ላይ በጣም ስስ አድርገሽ ቫዝሊን ቀቢ። ያኔ ደሙ ጸጉሩ ውስጥ አይሰራጭም፣ ክብ ጠብታ ሆኖ ይቆማል።

ላንሴት (ጆሮውን የምትወጊባትን ትንሽ መርፌ) ስትገዢ ለመጀመሪያ ጊዜ ወፈር ያለችውን፣ ባለ 28 ጌጇን ያዢ። ቁጥሩ ከፍ ሲል መርፌዋ ትቀጥናለች። ጆሮው ሲለምድ ወደ 30 ወይም 31 ትሄጃለሽ። ከወጋሽ በኋላ ከስር ወደ ላይ ቀስ አድርገሽ ጨመቅ ጨመቅ አድርጊው። የስትሪፑን (ማሽኑ ላይ የሚሰካውን ደም መቀበያ) ጫፍ ጠብታው ላይ አስጠጊው፣ ራሱ ይስበዋል። ጥቂት ደም ነው የሚበቃው። ሲያልቅ ጆሮውን በሶፍቱ ግራና ቀኝ ይዘሽ ለአፍታ ጫን በይ፤ አለበለዚያ ይበልዛል።

ዋናው ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ ወዲያው ቁራጭ የተቀቀለ ዶሮ ስጪው፣ ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም። ደም ባይወጣልሽም ስጪው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ሰዓት ላይ አድርጊው። ማንጎ ማሽኑ ጢጥ ሲል ከሰማ ከአልጋ ስር ወጥቶ ነበር የሚመጣው።

የእናትሽን ማሽን በተመለከተ ሐኪም ቢመልስልሽ ይሻላል። እኔ የተጠቀምኩት ለድመትና ለውሻ የተሠራውን አልፋትራክን ነው። ስትሪፑ ይወደዳል።

ሰሜን_ኮከብ (ስቶክሆልም)

የማንጎ ባለቤት ያለችው ሁሉ ልክ ነው። የኔዋ ድመት ጆሮዋን አታስነካም፤ ከፊት እግሯ መዳፍ፣ ከትልቁ ለስላሳ ክፍል ጠርዝ ላይ ነው የምወስደው። ያም ይሠራል። ዛሬ ጠዋት ከመርፌ በፊት 16 ነበረች፣ ከበፊቱ ተሽሏታል።

ሲያትል_ዝናብ

16?? ወንድሜ አሁኑኑ ማር ድዷ ላይ ቀባና ወደ ሐኪም ሩጥ!

ሰሜን_ኮከብ (ስቶክሆልም)

ደህና ናት፣ ስለ አሳቢነትህ እግዜር ይስጥልኝ። እዚህ የሚለካው በሚሊሞል በሊትር ነው። በ18 ስታባዛው በናንተ ሚሊግራም በዴሲሊትር 288 ይሆናል። ስዊድን ያለን በሚሊሞል ነው የምንለካው፤ አሜሪካ፣ እስራኤልና አዲስ አበባ ያላችሁ በሚሊግራም። ቁጥር ስንጽፍ መለኪያውንም እንጻፍ፤ እዚህ ላይ የሚፈጠር ስህተት ድመት ይገድላል።

ዶክተር_ቢሾፍቱ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ትምህርቴም ቢሾፍቱ ነው። ከዳመና እናት ጥያቄዎች ልጀምር።

የሰው መለኪያ ድመት ላይ ሲውል ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ምክንያቱ ደሙ ነው። በሰው ደም ውስጥ ካለው ስኳር 42 በመቶ ያህሉ ቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ነው ያለው። በድመት ግን እዚያ ያለው 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ሌላው ፈሳሹ ውስጥ ነው። የሰው ማሽን የተስተካከለው ለሰው ደም ስለሆነ ልዩነቱ ይመጣል። በተለይ ቁጥሩ ዝቅ ሲል ልዩነቱ ያደናግራል። ለእንስሳት የተሠራው ቢገኝ ያ ይመረጣል። አልፋትራክ 2 ከሆነ ስትሪፑ ዕቃ ላይ ለድመትና ለውሻ የተለያየ ኮድ አለ፤ የድመቱን ማስገባት አትርሺ። የሰው ማሽን ብቻ ካለ ግን ከምንም ይሻላል፤ ሁልጊዜ በዚያው ለኪ፣ ሁለት ማሽን አታቀላቅዪ፣ ለሐኪምሽም በየትኛው እንደለካሽ ንገሪው።

ጤናማ ድመት ስኳሯ ከ70 እስከ 150 አካባቢ ነው። ነገር ግን ድመት ስትደነግጥ ስኳሯ ሽቅብ ይወጣል። ምንም ስኳር በሽታ የሌለባት እንኳ ክሊኒክ ውስጥ ከ300 ልታልፍ ትችላለች። ለዚህ ነው በአንድ የክሊኒክ ቁጥር ብቻ የማንፈርደው። የዳመና ግን መጠማቱ፣ መክሳቱና ሽንቱ ውስጥ ስኳር መገኘቱ አንድ ላይ ስለገጠሙ በሽታው እውነት ነው። ስኳሩ ከ250 እስከ 290 ያለውን ወሰን ሲያልፍ ኩላሊት ማስቀረት ያቅተውና በሽንት ያፈሰዋል፤ ስኳሩ ውሃውን ይዞ ይወጣል። ጥሙም የሚመጣው ከዚያ ነው። ፍሩክቶሳሚን የሚባል የደም ምርመራም አለ። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ገደማ አማካይ ስለሚያሳይ የአንድ ቀን ድንጋጤ አያዛባውም።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፦ ለአስም ወይም ለቆዳ ብሎ ስቴሮይድ ይወስድ ነበር? እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት ድመት ላይ ስኳር ሊቀሰቅስ ይችላል። ጥርሱንም አሳዪው። የታመመ ድድ ኢንሱሊኑ እንዳይሠራ ያደርጋል።

የዳመና_እናት

ዶክተር እግዜር ያክብርልን። ስቴሮይድ አልወሰደም። ጥርሱን አንዱን ማውለቅ አለብን ብለውናል።

የእንስሳቱን ማሽን ገዛሁ። በሩዙ ካልሲ ደሙ ወጣልኝ! እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ዶሮውን ያቀበለችኝ እሷ ናት። ጠዋት ከመርፌ በፊት 318፣ ማታ ከመርፌ በፊት 347። ኢንሱሊኑ እየሠራ አይመስለኝም። ወደ 2 ዩኒት ከፍ ላድርገው?

ሲያትል_ዝናብ

ከ300 በላይ ከሆነ ጨምሪ እህቴ። የአባቴ ሐኪም እንደዚያ ነበር የሚያደርግለት።

የማንጎ_ባለቤት

ወንድሜ በፍቅር ነው የምልህ፣ ይሄን ምክር አንሳው። እህቴ፣ እንዳትጨምሪ።

ከመርፌ በፊት የምታይው ቁጥር የቀደመው መርፌ ሊያልቅ ሲል ያለውን ብቻ ነው የሚነግርሽ። መሃል ላይ ምን እንደሆነ አታውቂም። 318 ሆኖ ጀምሮ፣ ቀን 60 ድረስ ወርዶ፣ ማታ ተመልሶ 347 ሊሆን ይችላል። አንቺ ሥራ ቦታ ነሽ፣ እሱ ሶፋ ላይ ተኝቷል ብለሽ ታስቢያለሽ። በሁለቱ ጫፍ ብቻ ፈርደሽ ዶዙን እጥፍ ካደረግሽው የሚጎዳው ያ መሃሉ ነው።

ቅዳሜ ወይ እሁድ ቤት ስትውዪ ከርቭ ሥሪለት። ከመርፌው በፊት ለኪ፣ ከዚያ በየሁለት ሰዓቱ፣ እስከ ማታው መርፌ። ክሊኒኩ ሊሠራልሽ የፈለገው ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ ያንቺ ቤት ላይ ስለማይደነግጥ ቁጥሩ የራሱ ይሆናል። የምትፈልጊው በጣም ዝቅ ያለውን ነጥብ ነው። በግላርጂን ብዙ ጊዜ ከመርፌው በኋላ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ውስጥ ይመጣል።

የባህር_ንፋስ (አሽዶድ)

እኔ ስለ ዝቅተኛው ነጥብ ላክልበት፣ ያየሁት ስለሆነ። ድመቴ በልታ፣ ተወግታ፣ ትንሽ ቆይታ የበላችውን ሁሉ አስታወከች። ከሰዓት በኋላ ስመጣ የኋላ እግሯ እየተጥመለመለ ግድግዳ ተደግፋ ትሄዳለች። ዓይኗ ፈጧል፣ ስጠራት አታውቀኝም። ለካሁ፣ 41። ማር በጣቴ ድዷ ላይ ቀባሁ፣ በትንሽ በትንሹ። ወደ ጉሮሮዋ አላፈሰስኩም፣ ታንቃለችና። ትንሽ ነቃ ስትል ምግብ ሰጠኋት፣ በየሩብ ሰዓቱ እየለካሁ ወደ ሐኪም ይዣት ሄድኩ። ዳነች።

ከዚያ ወዲህ ማር ከኢንሱሊኑ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ድመቷ ካልበላች ወይም ካስታወከች ለሐኪሙ ሳልደውል መርፌ የለም። ከፍ ያለ ስኳር ለአንድ ቀን ይታገሡታል። ዝቅ ያለ ግን በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

ዶክተር_ቢሾፍቱ

የባህር ንፋስ ያደረግሽው በትክክል መደረግ ያለበት ነው። የሚንቀጠቀጥ ድመት ከሆነ ግን ጣታችሁን ጥርሱ መሃል አታግቡ፤ ማሩን ከከንፈሩ ስር ድዱን ብቻ አስነክታችሁ ወዲያው ወደ ክሊኒክ።

የዳመና እናት፣ ለጀማሪ የሚሆን ጥንቃቄ፦ ከመርፌ በፊት ስትለኪ ከ200 በታች ከሆነ ምግብ ሳትሰጪው 20 ደቂቃ ያህል ቆይተሽ ድገሚ። እየወጣ ካልሆነ ለሐኪምሽ ደውዪ፣ ሳትጠይቂ አትውጊ። በእንስሳት ማሽን ከ70 በታች ከሆነ በማንኛውም ሰዓት እንደ አደጋ ቁጠሪው። ዝቅተኛው ነጥብ ከ80 እስከ 150 ባለው ውስጥ ሲሆን ጥሩ ነው እንላለን። ዶዝ ሲለወጥ ደግሞ በሩብ ወይም በግማሽ ዩኒት ነው፣ ጥቂት ቀናት ጠብቆ ነው፣ በሐኪም ነው። ለዚህ ባለ 0.3 ሚሊ ሊትር፣ የግማሽ ዩኒት መስመር ያለው ሲሪንጅ ፈልጊ።

የጉለሌ_ልጅ (አዲስ አበባ)

ሰላም። እኔ የምጠይቀው ስለ እናቴ ድመት ነው። ውሮ ትባላለች፣ ወፍራም ናት፣ አሁን ግን እየከሳች ነው። ስትሄድ የኋላ እግሯ ተረከዙ መሬት ይነካል። እንደ ሌላው ድመት በጣቷ አትቆምም። ስኳር ነው ተብሏል። ምግቧ ዳቦ በወተት ነው። በጾም ደግሞ ቤት ውስጥ ሥጋ ስለማይሠራ እንጀራ በሽሮ። እናቴ እሷም የምትበላውን ነው የምትሰጣት። ሰፈራችን ፋርማሲ ያገኘሁት ኤንፒኤች ኢንሱሊን ነው። አንድ ዘመድ ከውጭ ያመጣልኝ ሲሪንጅ ላይ ግን "ዩ 40" ይላል። ችግር አለው?

ዶክተር_ቢሾፍቱ

እህቴ፣ ያንን ሲሪንጅ አትጠቀሚበት። ፋርማሲ ያለው የሰው ኢንሱሊን ዩ 100 ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ዩኒት አለው፣ ሲሪንጁ ግን የተሰመረው 40 ላለው ነው። በዩ 40 ሲሪንጅ 1 መስመር ላይ ብትሞዪው የሚገባው 2 ዩኒት ተኩል ነው። 2 መስመር ላይ ብትሞዪው 5። ይሄ ድመት ይገድላል። ዩ 40 ሲሪንጅ የተሠራው እንደ ፕሮዚንክና ካኒንሱሊን ላሉ የእንስሳት ኢንሱሊኖች ነው። ብልቃጡ ላይና ሲሪንጁ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆን አለበት።

ኤንፒኤች በድመት ሰውነት ውስጥ ቶሎ ያልቃል፤ ብዙ ጊዜ 12 ሰዓት አይዘልቅም። ግላርጂን ከተገኘ እሱ ይሻላል። ካልተገኘ ባለው ይጀመራል፣ ግን ልኬቱን ማብዛት ግድ ነው። መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑ እንዳያሳስብሽ፤ የተከፈተ ላንተስ (ግላርጂን ማለት ነው) ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 28 ቀን ይቆያል። የሚያበላሸው በረዶ መሆንና ፀሐይ ነው። ላንተስ አይናጥም። ካኒንሱሊን ግን ወተት እስኪመስል ተንጦ ነው የሚሰጠው። ፕሮዚንክ ቀስ ተብሎ ይገላበጣል።

የእግሯ ነገር ስኳሩ ነርቭ ስለጎዳባት ነው። ስኳሩ ሲስተካከል ብዙዎቹ ቀስ በቀስ ይሻላቸዋል።

አሁን ወደ ምግቡ። ድመት ያለ ሥጋ መኖር አትችልም። ሰውነቷ ስኳር የሚያገኘው ራሱ ከፕሮቲን እየሠራ ነው፤ ዳቦና እንጀራ ለሷ ጭነት ነው። ጾሙ የእናትሽ ነው፣ የውሮ አይደለም። ለእናትሽ በአክብሮት እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ፦ እማማ፣ ለውሮ ለብቻዋ የተቀቀለ ዶሮ ወይም የበሬ ሥጋ፣ ትንሽ ጉበት፣ እንቁላል ያዘጋጁላት። ለዘለቄታው ግን ሥጋ ብቻ አይበቃም፤ ካልሲየምና ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ያስፈልጋታል። የተሟላ የድመት የቆርቆሮ ምግብ ከተገኘ የሚሻለው እሱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኢንሱሊን እየወሰደች ዳቦውን በአንድ ጊዜ ካቆማችሁ ስኳሯ በፍጥነት ይወርዳል። ትናንት ትክክል የነበረው ዶዝ ነገ ይበዛባታል። ምግቡን በቀናት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ቀይሩ፣ በነዚያ ቀናት ልኬቱን አብዙ። ይሄ ደረቁን ብስኩት ትታችሁ ወደ ቆርቆሮ ለምትሄዱትም ነው፤ ደረቁ ብዙ ጊዜ ስታርች ይበዛበታል።

የጉለሌ_ልጅ (አዲስ አበባ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር፣ እርስዎን ያቆይልን። ሲሪንጁን አስቀመጥኩት። እናቴ ለውሮ ለብቻዋ ድስት መድባላታለች።

የበረሃ_ጽጌ (ዱባይ)

እኔ መርፌ የሚባል ነገር አልችልም፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ክኒን አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ዶክተር_ቢሾፍቱ

እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ቤክሳካት የሚባል ክኒን በታኅሣሥ 2022፣ ሴንቬልጎ የሚባል ፈሳሽ ደግሞ በነሐሴ 2023 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ተፈቅደዋል። በቀን አንዴ ይሰጣሉ፤ ስኳሩን በሽንት ያስወጡታል። ነገር ግን የተፈቀዱት ከዚያ በፊት ኢንሱሊን ወስዶ ለማያውቅ፣ በሌላ በኩል ጤናማ ለሆነ ድመት ነው። ዳመናና ውሮ እዚህ ውስጥ አይገቡም።

ትልቁ ስጋት ኪቶን ነው። ሰውነቱ ኢንሱሊን ሲያጣ ስብ ያቃጥላል፤ ከዚያ የሚወጣው ኪቶን ደሙን አሲድ ያደርገዋል። በነዚህ መድኃኒቶች ጊዜ የስኳሩ ቁጥር ደህና መስሎ ሳለ ይሄ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ድመቷ ምግብ እምቢ ካለች፣ ካስታወከች ወይም ከፈዘዘች የስኳሩን ቁጥር አይታችሁ አትጽናኑ። በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዷት።

የማንጎ_ባለቤት

የበረሃ ጽጌ፣ የኢንሱሊኗ መርፌ እኮ ጸጉር ታህላለች። ላንሴቷ ትበልጣለች። በባዶ ሲሪንጅና በውሃ ብርቱካን ላይ ተለማመጂ፤ እጅሽ ይረጋል።

የዳመና_እናት

ከርቩን ቅዳሜ ሠራሁ። ሰዓቱ በኛ አቆጣጠር ነው፣ ማሽኑ አልፋትራክ፣ በሚሊግራም፦

ጠዋት 1 ሰዓት (ከመርፌ በፊት) 322
3 ሰዓት 251
5 ሰዓት 158
7 ሰዓት 104
9 ሰዓት 117
11 ሰዓት 203
ማታ 1 ሰዓት 298

104ቷን ሳይ ክው አልኩ። በ1 ዩኒት ይህን ያህል ወርዷል። 2 ብሰጠው ኖሮ ምን ሊሆን ነበር?

ዶክተር_ቢሾፍቱ

ይሄ ቆንጆ ከርቭ ነው። ዝቅተኛው 104፣ በ6ኛው ሰዓት። ኢንሱሊኑ በደንብ ይሠራል፤ የሚጎድለው መቆያው ነው። ያ ደግሞ ጥርሱ ሲታከምና ምግቡ ሲስተካከል ሊሻሻል ይችላል። ወረቀቱን ለሐኪምሽ ውሰጂለት፣ ውሳኔው የእሱ ነው። እኔ ብሆን ዶዙን አልነካም ነበር።

በነገራችን ላይ ለሌሎቻችሁ፦ ዶዙ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄዶ ስኳሩ አልወርድ ካለ፣ ድመቱም በስኳር እየተጎዳ ክብደት ከጨመረ፣ አክሮሜጋሊ ይመርመር በሉ። ከአንጎል ስር ያለው እጢ ላይ ዕባጭ ወጥቶ የዕድገት ሆርሞን ሲያበዛ የሚመጣ በሽታ ነው። ብዙዎች ከሚያስቡት በላይ ይገኛል።

ሲያትል_ዝናብ

ይሄን ከርቭ አይቼ በደንብ ገባኝ። ከላይ የጻፍኩትን አንስቼዋለሁ። ክንድ ላይ ተለጥፎ ስኳር የሚለካው ሊብሬ ለድመትስ ይሆናል?

ሰሜን_ኮከብ (ስቶክሆልም)

ይሆናል። ጀርባዋን ወይም አንገቷ አካባቢ ላጭተው ነው የሚለጥፉት። ለሰው ሁለት ሳምንት ያህል የሚቆየው የኔዋ ላይ አይቆይም፣ ትልሰዋለች፣ ታወልቀዋለች። ግን ሌሊት ምን እንደሚሆን ያየሁት በሱ ነው። በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ካሳየህ ማር ከመቀባትህ በፊት በጆሮ ወይም በመዳፍ አረጋግጥ፤ ተኝታበት ከሆነ ያለ ምክንያት ዝቅ ይላል። እየተንገዳገደች ከሆነ ግን ማረጋገጫ አትጠብቅ።

የዳመና_እናት

ሐኪሙ ከርቩን አይቶ በ1 ዩኒት እንቀጥል አለ። ጥርሱም ወለቀ። ምግቡን ወደ ቆርቆሮ ቀይረነዋል፣ አሁን ከመርፌ በፊት 230 እና 240 አካባቢ ነው። ውሃ መጠጣቱም ቀንሷል። አንዳንድ ድመት ኢንሱሊኑን ጨርሶ ሊተው ይችላል የሚባለው እውነት ነው?

የማንጎ_ባለቤት

እውነት ነው፣ ማንጎ ትቶታል። ሁሉም ግን አይተውም። ቶሎ የተጀመረላቸውና ስኳራቸው በደንብ የተያዘላቸው የተሻለ ዕድል አላቸው። ቢተውም ልኬቱን አታቁሚ። እኔ እስከ ዛሬ በሳምንት አንዴ እለካዋለሁ፣ ሊመለስ ይችላልና።

የዳመና_እናት

አሜን ነው። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፤ ለገና አገር ቤት ልንሄድ ነው፣ እናቴም አብራን ትሄዳለች። ጎረቤቴ እኔ እይዘዋለሁ ብላለች፣ ግን መርፌ ወግታ አታውቅም።

የባህር_ንፋስ (አሽዶድ)

ከመሄዳችሁ በፊት ጥቂት ቀን እየመጣች አንቺ እያየሽ እሷ ትውጋ፣ እሷ ትለካ። ማቀዝቀዣው ላይ በትልቁ ጽፈሽ ለጥፊላት፦ ካልበላ መርፌ የለም፣ ከ200 በታች ከሆነ መርፌ የለም፣ ተወግቷል ወይስ አልተወጋም ብላ ከተጠራጠረች አትድገም። ከወጋች በኋላ ሰዓቱን እዚያው ትጻፍ። አንድ መርፌ ቢዘለል አይጎዳም።

ዶክተር_ቢሾፍቱ

በዚህ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። ሌሊት የሚሠራውን የድንገተኛ ክሊኒክ አድራሻ ጻፊላት። የራስሽ ክሊኒክ ላይ ደግሞ አንቺ ስልክ ላይ ባትገኚም ጎረቤትሽ ዳመናን ማሳከም እንድትችል ስሟን አስመዝግቢ፣ ፈርሚላት።